ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር

ሰንሰለቱን ያየሁት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ልጄ ሩት ከትምህርት ቤት ገብታ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ «ማማ፣ የኋላውን በር አስረውታል» አለችኝ። እንደ ዋዛ ነው የተናገረችው። ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር፤ ቢላዋውን ትቼ አራቱን ፎቅ ወረድኩ። ከኋላው ደረጃ መጨረሻ ላይ ባለ ሁለት ክንፍ የብረት በር አለ። በሁለቱ እጀታዎች አዲስ ሰንሰለት አስገብተው የጡጫ ያህል ጓጉንቸር ሰቅለውበታል። ገፋሁት። የአንድ መዳፍ ስፋት ያህል ከፈት አለና ቆመ። በክፍተቱ እጄን አወጣሁ፤ ውጭ ነፋስ አለ። እጄ ወጣ፣ እኔ ግን አልወጣም። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ሌላ ሰው ሰንሰለት ሲያይ ሌባ አይገባም ብሎ ደስ ይለዋል። ጎረቤቶቼም ደስ ብሏቸው ነበር። እኔ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ አንድ የተቆለፈ በር ሲነገረኝ የኖርኩ ሴት ነኝ። በሩ የነበረው አሜሪካ ነው፤ ዘመኑም ሰው በፋኖስ የሚሠራበት፣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ይሆናል። የቆለፈው ሰውዬ ነጋዴ ነበር፣ ኋላ ፖለቲከኛ ሆነ። እኔ ለተብርሃን፣ አስመራ በአማርኛ ያስተምሩን በነበረ ጊዜ አራተኛ ክፍል ላይ ደብተሬን ያስቀመጥኩ፣ የዚህን ሰው ሕይወት እንደ ገዛ አጎቴ ሕይወት አውቀዋለሁ። እንዴት እንዳወቅኩት ልጻፍ። ዘንድሮ ሥራ አቁሜያለሁ፤ ወገቤ በቃኝ አለ። እጄ ሥራ ሲፈታ በሠራተኝነት የኖርኩበት ብዙ ቤት ይናፍቀኛል ብዬ ነበር። የሚናፍቀኝ ግን አንድ ቤት ብቻ ሆኖ አገኘሁት።

ሮም ስገባ የመጀመሪያው የሥራ ቤቴ ፓሪዮሊ ሰፈር ነበር፣ የጥርስ ሐኪም ቤተሰብ። እዚያ ሸሚዝ መተኮስ ተማርኩ። ኮሌታው መጀመሪያ፣ ከውስጥ በኩል፣ ከጫፍ ወደ መሀል፤ ከመሀል ወደ ጫፍ ከሄድሽ ጫፉ ይጨማደዳል። ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ለማሳደስ የአንድ ቀን ዕረፍት ስጠይቅ ሴትዮዋ ፊቷን ታጠቁርብኝ ነበር። ስለ ወረቀት ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ወረቀት የሁላችንም ታሪክ ነው።

ሁለተኛው ጋርባቴላ ሰፈር ነው። ሚስታቸው የሞተችባቸው ሽማግሌ፣ ጡረታ የወጡ የትራም ነጂ። ሰው ማንሳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ራሳቸው ተነሺ ሆነው። «በክንድሽ አይደለም፣ በጭንሽ ነው። እኔ አሎራ ስል አብረን» ይሉኛል። አሎራ፣ እንግዲህ ማለታቸው ነው፣ ይላሉ፤ እነሣለሁ፣ ይነሣሉ። እጄ ላይ ነው ያረፉት። ያን ቀን እንኳን ወደ አልጋው ጠርዝ ሳስጠጋቸው አሎራ ብለዋል።

ሦስተኛው የሲኞራ ቤት ነው፣ ፕራቲ ሰፈር። ስማቸውን አልጽፍም፤ ሲኞራ፣ እመቤት ማለት ነው፣ ይበቃቸዋል። አባታቸው አሜሪካዊ፣ እናታቸው የሮም ሴት፤ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ያልወለዱ። ያን ጊዜ ሩት ሦስት ዓመቷ ነው፤ አባቷ፣ የአዲስ አበባ ሰው፣ ወደ ሰሜን አገሮች ሄዶ ድምፁ ጠፍቷል። አዳሪ ሠራተኛ የሚፈልግ ቤት ሁሉ ልጅ አለኝ ስል ስልኩን ይዘጋል። ሲኞራ ግን ልጅ አለኝ ስላቸው ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጅቷ በር መክፈት ትችላለች?» አሉኝ። ቀልድ መሰለኝ። ትችላለች አልኩ፤ እውነቱን ለመናገር አላውቅም ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ገባኝ። አንድ ሰዓት ላይ ሲኞራ የሌሊት ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበው ወጡ። ቤቱ ሦስት በር አለው፤ ትልቁ መግቢያ፣ የወጥ ቤቱ በር ወደ ኋላ ደረጃ የሚያስወጣው፣ ወደ ሰገነቱ የሚያስወጣው የተራሳው በር። ሦስቱንም በየተራ ይከፍታሉ። መክፈት ብቻ አይደለም፤ ይወጣሉ፣ ከወዲያ በኩል ትንሽ ይቆማሉ፣ ወደ ኋላ ዞረው በሩን ያያሉ፣ ይመለሳሉ። ከዚያ በዶሮ ላባ ማጠፊያው ላይ ዘይት ጠብ ያደርጋሉ። ዘይቱ የሚቀመጠው በትንሽ ቆርቆሮ ነው፣ አፉ እንደ ወፍ ምንቃር የሾለ። ሩትን እጇን ይዘው እጀታውን አሳዩዋት። በሁለት እጇ ተንጠለጠለችበት፣ ተከፈተ፤ ወጥታ ከወዲያ ቆመችና ሳቀች። አሮጊቷ ትንሽ ነካ ያደርጋቸዋል አልኩ በልቤ። ለጓደኞቼም እንደዚያ ብዬ አወራሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

በሥራ ክፍላቸው የእብነ በረድ ራስ አለ። አንገተ ወፍራም፣ ጉንጨ ሪዛም ሰው። ስሙ ኤዝራ ነው፣ ቅድመ አያታቸው ነው፤ በቤቱ ግን ሴናቶሬው፣ ሴናተሩ፣ ነበር የሚባለው። ከደረቱ በታች፣ መቆሚያው ላይ፣ ጣት የምታህል ቁልፍ ተቀርጻለች። በመጀመሪያው ሳምንት ኮምጣጤ የነካ ጨርቅ ይዤ ልወለውለው ስል ሲኞራ ጮኹብኝ፤ በአሥራ አንድ ዓመት አንዴ ብቻ ነው የጮኹብኝ። ኮምጣጤ እብነ በረድ ይበላል። በደረቅ የጢም መላጫ ብሩሽ ነው፣ ከላይ ወደ ታች፤ ጆሮውንና የዐይኑን ጥግ በጠባቡ ብሩሽ። ቁልፏን እሳቸው ራሳቸው ያጸዱ ነበር፣ ለማንም አይሰጡም።

የዚህን ሰው የሕይወት ታሪክ እየጻፉ ነበር። ዐይናቸው ስለ ደከመ ትልልቅ ፊደል ባላት የጽሕፈት መኪና ነው የሚጽፉት። ጠዋት ከቁርስ በኋላ አስቀመጡኝና እንዲህ አሉ፣ «ሌታ፣» ይሉኛል፣ ለተ ማለት አቅቷቸው፣ «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ለሚያውቁ ልጆች ነው ያስተማርኩት። አንቺ ይህን ሰው አታውቂውም። የዛሬውን ገጽ እነግርሻለሁ። ያልገባሽ ቦታ ላይ አስቁሚኝ። አንቺ ካልገባሽ ገጹ አልተጻፈም።»

እንዲህ ሆነን ነው አሥራ አንድ ዓመት የሄድነው። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ አጥባለሁ፣ ተረከዛቸውን አያለሁ፤ ተረከዝ ከቀላ ቁስል እየመጣ ነው፣ ትራስ ከሥር ይገባል። አንዳንዴ ባቄላ እፈለፍላለሁ። ጆሮዬ ግን እዚያ ነው።

ሴናቶሬው የተወለደው ወንዝ ዳር ነው፣ ብርድ አገር። አባቱ ሰው በጀልባ የሚያሻግር ድኻ። ልጁ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ሣጥን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መርፌና ክር፣ አዝራርና ሪባን በየእርሻው እየዞረ ይሸጥ ጀመር። «ሱቅ በደረቴ ነበራ» አልኳቸው። ምን ማለት ነው አሉ፤ ነገርኳቸው። ወደዱትና ከመኪናዋ አጠገብ በጣሊያን ፊደል ጻፉት። ሣጥኑ ሱቅ ሆነ፣ ሱቁ ፋብሪካ ሆነ። ፋብሪካው የኮሌታ ነው። ያን ጊዜ ኮሌታ ከሸሚዝ ተለይቶ ለብቻው ይሠራ፣ ለብቻው ይታጠብ፣ በስታርች ይደርቅ ነበር። የሚተኩሱት ሴቶች ናቸው። እዚህ ላይ ማንም እንዲያስረዳኝ አልፈለግሁም፤ የፓሪዮሊ ኮሌታ ገና እጄ ላይ አለ።

ሰውዬው ክፉ አልነበረም ይላሉ ሲኞራ። ግን ሴቶቹ በኋላው በር እየወጡ ያርፋሉ፣ ክርም በዚያው ይወጣል ብሎ ጠረጠረ። ጠዋት ጠዋት የኋላውን በር ይቆልፋል። አንድ የክረምት ጠዋት የመተኮሻው ምድጃ ተገልብጦ እሳት ተነሣ። ዘጠኝ ሴቶች ከኋላው በር ሥር ተገኙ።

ባቄላውን አስቀመጥኩ። «እናቱስ ምን አለች?» አልኳቸው።

ሲኞራ አዩኝ። አልጻፍኩም አሉ። ቀጥሎ ሦስት ቀን መሳቢያ ሲገለብጡ፣ ደብዳቤ በመነጽርና በማጉያ ሲያነቡ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን የሰውዬው እህት የጻፈችውን አገኙ። እናቲቱ ምንም አላለችም። ቤቱ መጣች፣ ከየበሩ ቁልፎቹን ነቅላ በሽርጧ ሰበሰበች፣ ሄዳ ወንዝ ውስጥ ጣለቻቸው፣ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ዘር ቤት በር በቁልፍ አይዘጋም፤ ጠዋት ጠዋትም ይከፈታል፣ ይታያል። ያን ጊዜ ነው የዶሮ ላባው የገባኝ። ማታ አልጋዬ ላይ ስለ ሲኞራ ለጓደኞቼ ያወራሁትን አስቤ አፈርኩ።

ሰውዬው ፋብሪካውን ሸጦ ፖለቲካ ገባ። ይህ አልገባኝም፤ አስቆምኳቸው። «እኛ አገር እንዲህ ያደረገ ሰው ገዳም ነው የሚገባው። ለምን ምክር ቤት ገባ?» ሲኞራ እስኪያስላቸው ሳቁ። «በእነሱ ከተማ ገዳም አልነበረም፣ ሌታ። የነበረው ምክር ቤት ነው።»

ሕጉ ቀላል ነበር፤ ሰው እየሠራ በር አይቆለፍ፣ በርም ወደ ውጭ ይከፈት። ለዚህ ነው የከተማ ምክር ቤት አባል፣ ከዚያ ከንቲባ፣ ከዚያ ሴናቶሬ የሆነው። ንግግር ሊያደርግ በቆመ ቁጥር ጠላቶቹ ከኪሳቸው ቁልፍ እያወጡ ያንሿሹበታል። አዳራሹ በሙሉ ሿ ይላል። እሱ እስኪጨርሱ ይቆማል። ሲጨርሱ «አዎ» ብሎ ይቀጥላል። ሕጉን ሁለት ጊዜ የጣሉት ጠላቶቹ ሳይሆኑ የድሮ ባልንጀሮቹ ናቸው፣ ባለ ፋብሪካዎቹ። በሦስተኛው አለፈ፣ ተቆራርጦ፣ ለትልልቅ ፋብሪካዎች ብቻ። «ግማሽ በር አስከፈትኩ» ይል ነበር ሲያረጅ። ደረቱን ታሞ ሮም መጣ፣ እዚህ አንድ ጠራቢ ራሱን ቀረጸው። ቁልፏን ቅረጽ ቢለው ጠራቢው ለክብርህ አይመጥንም አለው። ካልቀረጽክ አልከፍልህም ብሎ አስቀረጻት።

እንግዲህ ሁሉም ተጽፏል፣ አንድ ገጽ ብቻ ቀርቷል፣ የመጀመሪያው። የመጀመሪያው ገጽ የት አለ ስላቸው «ይደርሳል» ይሉኛል። ኋላ ነው የነገሩኝ። ቤተሰቡ ድሮ ያሳተመው መጽሐፍ በሩ በበረዶ ተጣብቆ ነበር ነው የሚለው። ሲኞራ ግን የሰውዬው የራሱ ደብዳቤ እጃቸው ላይ አለ። «ጢሜን እየተላጨሁ ነበር። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር» ይላል። መጽሐፉን በዚያ መጀመር ይፈልጋሉ፣ መኪናዋ ፊት ይቀመጣሉ፣ ጣታቸው አይታዘዝም። ያሳደጋቸው አያታቸው የዚህ ሰው ልጅ ነው፣ እንዴት ይጻፉት።

አሁን ደግሞ የእኔን ልጻፍ።

በዘጠነኛው ዓመት ሲኞራ መርሳት ጀመሩ። ሁለት ጊዜ በነጠላ ጫማ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆመው አገኘኋቸው፣ አንዴ በዝናብ። የተማሪዎቻቸውን ፈተና ሊያርሙ እየሄዱ ነው። አደባባዩ ላይ የምንገናኝ፣ እንደ እኔ ሽማግሌ የሚጠብቁ ሴቶች ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚሉኝ፤ ቆልፊባቸው። «ሁላችንም እንቆልፋለን፤ ቁልፉን አራት ዙር አዙሪ፣ ከዚያ ነፍስሽ ታርፋለች» ይላሉ። ሙያችን ውስጥ እንደ ነውር አይታይም። እኔ ግን እስከ አንድ ጠዋት ድረስ አልቆለፍኩም ነበር።

ያን ጠዋት መድኃኒት አለቀ። ሩት ትምህርት ቤት ናት። ዝናብ ነው። ሲኞራ ደግሞ ካፖርታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል፣ የመሄድ መልክ አለባቸው። መሳቢያ ውስጥ ሥራ ፈተው የኖሩትን ቁልፎች አውጥቼ የወጥ ቤቱን ቆለፍኩ፣ የተራሳውን ቆለፍኩ፣ ወጥቼ ትልቁን በር አራት ዙር ቆለፍኩ። ቁልፉ ሲዞር ድምፁን ሰማሁት። ሄድኩ። ፋርማሲው ወረፋ ነበረው።

ስመለስ ድምፃቸው ደረጃው ላይ ነው የተቀበለኝ። እየጮኹ አይደለም፣ እየደበደቡ ነው፣ በጫማ። ከፈትኩ። ከበሩ ሥር ተንበርክከዋል። የእጃቸው ጥፍር ደምቷል፣ እንጨቱ ላይ ጭረት አለ። ሦስቱንም በር እንደ ሞከሩ ከደሙ አየሁ፤ በየእጀታው ላይ አለ። የት እንዳሉ አላወቁም ብዬ ነበር። ዐይናቸውን ሲያነሡ ግን ሙሉ በሙሉ እሳቸው ናቸው።

«ቁልፉ የት ነበር?» አሉኝ።

«ኪሴ ውስጥ፣ ሲኞራ።»

አጠብኳቸው፣ ጣታቸውን በፋሻ ጠቀለልኩ፣ አልጋ ላይ አስተኛኋቸው። አንሺኝ ሲሉ እንኳን በእጅ ነው የሚያመለክቱኝ። ለሩት ያወራሉ፣ ለእኔ አያወሩም። ጠዋት በሮቹን የሚከፍቱት ከሩት ጋር ሆነው ነው፣ እኔ ከወጥ ቤት አያለሁ። አሥራ አንድ ቀን። ያባርሩኝ ብዬ ብጠይቃቸው ይቀለኝ ነበር። ሻንጣዬን አውጥቼ ሁለት ጊዜ አስተካክያለሁ። ሩት ግን ሻንጣውን ስታይ ልብሷን መልሳ መሳቢያ ትከታለች፣ አትጠይቀኝም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የጽሕፈት መኪናዋን ድምፅ ሰማሁ። ፋሻው ገና ጣታቸው ላይ አለ። ጠሩኝ፣ ተቀመጪ አሉኝ። አንብበው ነገሩኝ። «ጢሜን እየተላጨሁ ነበር፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር» ብሎ ነው የሚጀምረው። ካነበቡ በኋላ ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ «ደግ ሰው እንዴት በር ይቆልፋል የሚለው አልገባኝም ነበር። አንቺ እኮ ደግ ነሽ» አሉኝ። ከዚያ «ገባሽ?» አሉ፣ እንደ ሌላው ቀን።

ገብቶኛል አልኩ። ውሃውን አሞቅሁና እግራቸውን አጠብኩ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ። ሲወጡ ተከትዬ እወጣለሁ፤ ፌርማታው ድረስ እንሄዳለን፣ አውቶቡሱ እስኪያልፍ አብረን እንቆማለን፣ «ዛሬ ፈተና የለም» እላቸዋለሁ፣ ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ይላሉ፣ እንመለሳለን። ይኸው ነበር የሚያስፈልገው። እኔ ይህን እንዳውቅ እሳቸው ያን ጠዋት መክፈል አልነበረባቸውም።

ሲሞቱ የወንድማቸው ልጅ መጥቶ የእብነ በረዱን ራስና ወረቀቱን ወሰደ። በክብር ነው ያናገረኝ፣ ክፉ አልልም። መጽሐፉ ይውጣ አይውጣ አላውቅም። እኔ የወሰድኩት የዘይቱን ቆርቆሮ ነው። ዛሬም ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን እግሬ ወደዚያ ቤት መሄድ ያምረዋል። የሚናፍቀኝ ደግሞ ወጡ ወይ ሶፋው አይደለም። እሳቸው «አስቁሚኝ» ሲሉኝ እኔን የሚጠብቅ ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ በሰዓት በሠራሁባቸው ቤቶች ማንም አስቁሚኝ ብሎኝ አያውቅም።

ቤቱ ሲሸጥ ማረፊያ አጣን። ሩት አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አንድ ወገናችን፣ ስደተኞች ያለ ፈቃድ የያዙት አሮጌ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ፣ ክፍል አገኘልን። ስሙንና ሰፈሩን አልጽፍም፤ ዛሬም ሰው አለበት። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጋሽ ተኽለ ናቸው፣ ፖሊስ በኃይል ካስለቀቀው ከቪያ ኩርታቶኔ ሕንፃ ከወጡት አንዱ። እንደዚያ የወጣ ሰው በር ይፈራል፤ የተከፈተ በር ካየ ሊያስወጡት የመጡ ይመስለዋል። ሰንሰለቱን ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ለክፋት አይደለም። በኋላው ደረጃ የማናውቃቸው ሰዎች ገብተው ማደር ጀምረው ነበር።

በዚያ ሐሙስ ወደ ክፍላቸው ሄጄ ለመንኳቸው። ቆይ በስብሰባ ተናገሪ አሉኝ። እሑድ በስብሰባው ተነሣሁና የሴናቶሬውን ታሪክ ከሱቅ በደረቴው ጀምሬ እስከ ቁልፍ ማንሿሻው ተናገርኩ። በሕይወቴ ሰው ፊት ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ጋሽ ተኽለ ጨርሰው ሰሙኝና፣ «ለተ፣ ሰውዬው ሞቷል። ፖሊስ ግን በሕይወት አለ» አሉ። ሰው ሳቀ። ከኋላ አንዱ የቤቱን ቁልፍ አውጥቶ አንሿሻ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። አዳራሹ ሿ አለ። እስኪጨርሱ ቆምኩ። ሲጨርሱ «አዎ» አልኩና ቁጭ አልኩ።

ከማግሥቱ ጀምሮ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የጋሽ ተኽለን በር አንኳኳለሁ። ቁልፉን ይስጡኝ፣ ልክፈተው፣ ልዝጋውና ልመልስልዎ እላቸዋለሁ። ወርጄ እከፍታለሁ፣ ከወዲያ በኩል እቆማለሁ፣ ማጠፊያውንም ጓጉንቸሩንም ዘይት አደርጋለሁ፣ እቆልፋለሁ፣ እመልሳለሁ። ሰው «ሴናትሪቼ መጣች»፣ ሴቷ ሴናተር መጣች፣ ይለኛል። ሩት ታፍራለች፤ «ማማ ባስታ፣ በቃሽ፣ የክፍሌ ልጆች ያዩሻል» ትለኛለች። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሲሆን ጋሽ ተኽለ እንቅልፋቸውን አጡና ሁለተኛውን ቁልፍ ሰጡኝ። «ውሰጂውና ተይኝ። በክፍልሽ በር አጠገብ ምስማር ምቺለት፣ ሁሉም ይወቀው።» መታሁለት። ሁሉም አወቀው። ከዚያ ፍርሃቴ ትንሽ ቀለለ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን በሩን ከፍቼ ቆለፍኩ። ገበያ ልደርስ ቸኩያለሁ፤ አራቱን ፎቅ ተመልሼ መውጣቱ ለወገቤ ከበደኝ። ስመለስ እሰቅለዋለሁ አልኩና ኪሴ ከተትኩት።

ቲማቲም ስመርጥ ነው ሰዎች ሲሮጡ ያየሁት። ጭሱ በሕንፃችን መግቢያ በኩል ይወጣል፣ ጥቁር፣ የፕላስቲክ ሽታ ያለው። መግቢያው አጠገብ ያለው የመብራት ሣጥን ተቃጥሏል። የፊቱ ደረጃ አይታይም። ከአንደኛው ፎቅ ሰው በመስኮት ዘሏል፣ እግሩን ይዞ ተቀምጧል። ጋሽ ተኽለ ሰላም ፓላስ፣ ወደ ሌላው የወገኖቻችን ሕንፃ፣ ለቅሶ ሄደዋል፣ ቁልፋቸውም አብሯቸው ሄዷል። ያን ሲነግሩኝ እጄ ኪሴ ውስጥ ነው። ብረቱን ዳሰስኩት።

በጓሮ በኩል እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። በሩ ይርገፈገፋል። በክፍተቱ እጆች ወጥተዋል፣ ብዙ እጅ፣ ከላይ እስከ ታች። ሁሉም ይጣራል፤ የማንን ስም እንደሚጠራ አይለይም። እኔ አንዱን እጅ ነው ያወቅሁት፤ ሦስቱ ጥፍር አረንጓዴ ቀለም ያለው፣ ሁለቱ የሌለው። ማታ ቀብታ ሳትጨርስ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ከሁሉም ፊት የነበረችው እሷ ናት፤ ሰውን ሁሉ ከፊተኛው ደረጃ መልሳ ወደዚያ የመራችው እሷ ናት። ምስማሩን አይታዋለች፣ ባዶ ነው። ቢሆንም ወርዳለች፣ እናቴ በዚያ በኩል ትመጣለች ብላ።

«ማማ» አለች። አልጮኸችም። «ኪያቬውን።»

ጓጉንቸሩ በውስጥ በኩል ነው፤ ቁልፉን መዳፏ ላይ አደረግሁና ጣቶቿን አጠፍኩላት። እንዳይወድቅ። እጇ ወደ ውስጥ ገባ፣ ጭሱ ዋጠው። ከዚያ ምንም አላየሁም። ሰንሰለቱ ሲንኳኳ እሰማለሁ፣ ሰው ሲያስል እሰማለሁ። ያን ያህል ጊዜ ስለ ሴናቶሬው ሲነገረኝ ያልጠየቅሁት አንድ ነገር ነበር፤ ከበሩ በወዲያኛው በኩል ምን ይሰማል የሚለው። አሁን አውቃለሁ፣ ለማንም አልመኝም።

ጓጉንቸሩ ዘይት የጠጣ ነው፣ አላንገራገረባትም። ሰንሰለቱ ወደቀ። በሩ ሁለቱም ክንፉ ተበረገደ፣ ሰው እንደ ውሃ ፈሰሰ፣ ሕፃን የያዘ፣ ብርድ ልብስ የለበሰ፣ በባዶ እግሩ ያለ። ሩት ክንፉን በጀርባዋ ደግፋ ይዛ መጨረሻ ላይ ወጣች። ሣሩ ላይ ጥቂት ሄደችና ቆመች። ከዚያ ዞራ በሩን አየችው፣ በልጅነቷ እንደተማረችው። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

እሳት አጥፊዎቹ መጥተው አጠፉት። የሞተ የለም። አንዲት አሮጊት ጭስ ገብቶባቸው ሐኪም ቤት አደሩና ተመለሱ። ጋሽ ተኽለ ጥቁራቸውን እንደለበሱ ደረሱ። በሩ ሥር የወደቀውን ሰንሰለት አነሡት፣ እጃቸው ላይ ጠቀለሉት፣ ከእኔ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ያቺ ቁልፍ የት ነበረች፣ ለተ?» አሉኝ።

«ኪሴ ውስጥ፣ ጋሽ ተኽለ።»

እጃቸውን ኪሳቸው ከተው የራሳቸውን አወጡና አሳዩኝ። «የእኔም» አሉ።

በዚያው ሳምንት ኮሚቴው ሰንሰለቱን ጣለ፤ በሩ ላይ በደረት ሲገፉት የሚከፈት ብረት ተገጠመለት። ያንሿሻብኝ ልጅ ነው የገጠመው። እኛ ግን ወደዚያ አልተመለስንም። አንዲት ጓደኛዬ ሮማኒና ሰፈር ክፍል አላትና አስጠጋችን፤ ይህን የምጽፈው እዚያ ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ በሩ ግን ሁለት ነው፣ አንዱ ወደ ኮሪደር፣ አንዱ ወደ ጓሮ። ዛሬ ጠዋት ሁለቱንም ከፍቼ ወጥቼ ቆሜያለሁ። ጓሮው ላይ ቆሜ ሲኞራን አሰብኩ። ይህን ብነግራቸው ያልገባቸው ቦታ ላይ ያስቆሙኝ ነበር።

ልጄ አሁን ከኋላዬ ተቀምጣ ጥፍሯን እየቀባች ነው። ከአደጋው ወጥተናል። ሁለታችንም ደኅና ነን።